የድሮ ሌንስና የዘመኑ ሌንስ፡- ያው ፊት ለምን ለየቅል ይወጣል?

‹‹የድሮ ሌንስ ነፍስ አለው፤ የአሁኑ ግን ደረቅ ነው›› የሚለው ክርክር ፎቶ አንሺዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ ይነሳል። ሌላው ወገን ደግሞ ‹‹ነፍስ የምትሉት ብዥታ ነው፤ ብዥታ ካማራችሁ በኮምፒዩተር ይጨመርላችኋል›› ብሎ ይመልሳል። እኔ ከሁለቱም ወገን ጋር ሻይ ጠጥቻለሁ። ሁለቱም የያዙት ነገር አላቸው። የሚገርመኝ ክርክሩ ሁልጊዜ ሌንሱ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ ሳይነሳ ማለቁ ነው።

ጉዳዩ የጣዕም ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሳሁት ነበር። ነገር ግን ለሠርግና ለልደት ፎቶ ሥራ ሲሉ የዕቁብ ብራቸውን ውድ ሌንስ ላይ የሚያውሉ ወጣቶች አሉ። ‹‹ነፍስ አለው›› ስለተባለ ብቻ ሻጋታ የበላውን አሮጌ ሌንስ በማይገባው ዋጋ የሚሸምቱም አሉ። ስለዚህ ነፍስ የተባለው ነገር ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደሚመጣና ለማን እንደሚጠቅም ቁጭ ብሎ ማየቱ አይከፋም። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ሌንስ ሲባል ብዙ ሰው አንድ መስታወት ይመስለዋል። ነገሩ ግን በአንድ ቱቦ ውስጥ በየመልኩ የተደረደሩ በርካታ መስታወቶች ናቸው። አንድ መስታወት ብቻውንም ቢሆን ፎቶ ያወጣል፤ ነገር ግን መሐሉ እንጂ ዳሩ አይነበብም፣ የነጭ ነገር ጠርዝ ላይ ሐምራዊና አረንጓዴ ጥላ ይመጣል፣ ቀጥ ያለው ግድግዳ ይጎብጣል። ተጨማሪው መስታወት የሚገባው ያኛው ያጣመመውን ይህኛው እንዲያቃና ነው። ታዲያ የቱንም ያህል ቢደረደር ሁሉም ነገር ተቃንቶ አያልቅም፤ የሚተርፍ ነገር አለ። እኛ የሌንስ ‹ጠባይ› የምንለው ይህንን ሳይቃና የቀረውን ትርፍራፊ ነው። ፎቶ ቤቶች ‹አወጣጡ› የሚሉትም ቃል ይስማማዋል፤ ሌንሱ ፊትን፣ ብርሃንንና ከጀርባ ያለውን እንዴት አድርጎ ያወጣዋል እንደማለት ነው።

በዚህ ረገድ የመጀመሪያው ታዋቂ ሌንስ ቪየና ውስጥ በ1840 የሒሳብ ሊቁ ዮዜፍ ፔትዝቫል የቀመረው ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ሌንሶች የሚያስገቡት ብርሃን እጅግ ጥቂት ስለነበር፣ ፎቶ የሚነሳ ሰው እንደ ሐውልት ደርቆ ለደቂቃዎች መቀመጥ ነበረበት። የፔትዝቫል ሌንስ አራት መስታወት ብቻ ይዞ ከቀድሞዎቹ በብዙ እጥፍ ብርሃን አስገባ፤ የፊት ፎቶ እንደ ሙያ የተስፋፋውም በእሱ ጉልበት ነው። እንከኑ ግን ግልጽ ነበር። መሐሉ ጥርት ይላል፤ ወደ ዳር ሲሄዱ ይሟሟል፤ ከጀርባ ያለው ቅጠል ደግሞ በሰውየው ዙሪያ የሚሽከረከር ይመስላል። ሎሞግራፊ የተባለው ኩባንያ በ2013 ይህንኑ ሌንስ ለዘመኑ ካሜራዎች እንደ አዲስ ሠርቶ ሲያቀርብ ገዢው የተሻማው ለዚያው ለሚሽከረከረው ጀርባ ነው። እንከኑ ከ170 ዓመት በኋላ ሸቀጥ ሆነ ማለት ነው።

ከፔትዝቫል በኋላ የመጡት ነዳፊዎች መስታወት ጨምረው ሌንሱን ማቃናት ቢፈልጉም አንድ ችግር ገጠማቸው። ብርሃን ከአየር ወደ መስታወት ሲገባም ሆነ ሲወጣ፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ አራት በመቶ ያህሉ ወደ ኋላ ይንጸባረቃል። ፓውል ሩዶልፍ የተባለው ነዳፊ በጀርመኑ ዛይስ ኩባንያ በ1896 ‹ፕላናር›ን ሲነድፍ ስድስት መስታወት ተጠቀመ፤ በወረቀት ላይ ድንቅ ነበር። ሆኖም ብርሃኑ ስምንት ጊዜ በአየርና በመስታወት ድንበር ማለፍ ስለነበረበት ከገባው ከሩብ በላይ የሚሆነው መንገድ ላይ ይባክናል። የባከነውም ዝም ብሎ አይጠፋም፤ ከፊሉ እዚያው ቱቦ ውስጥ ከመስታወት መስታወት ሲላተም ቆይቶ ፎቶው ላይ እንደ ጭጋግ ያርፋል። ሉድቪግ በርተለ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ‹ዞናር› የተባለውን ሌንስ ሲሠራ መስታወቶቹን በሦስት ክምር አጣብቆ የአየር ክፍተቱን የቀነሰው ይህንን ጭጋግ በመሸሽ ነበር።

መፍትሔው የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በዛይስ ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ስማኩላ በ1935 መስታወቱን እጅግ ስስ በሆነ ልባስ መሸፈን ነጸብራቁን በብዙ እንደሚቀንስ አሳየ። አሮጌ ሌንስ ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት ፊቱ ላይ የሚታየው ሰማያዊ ወይም ወርቃማ ቀለም ይኸው ልባስ ነው። ፔንታክስ ደግሞ በ1971 በአንዱ ላይ ሌላው የተደረበ ባለብዙ ልባስ ‹ታኩማር› ሌንሶችን ለገበያ አቀረበ፤ ሌሎቹም ተከተሉ።

እስቲ ይህ ምን ያህል ለውጥ እንዳመጣ እናስላው። በ2018 የወጣው የኒኮን ዜድ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ 12 መስታወቶች በዘጠኝ ክፍል ይዟል፤ ብርሃን የሚያቋርጣቸው ገጾች 18 ናቸው ማለት ነው። ልባስ ባይኖር ኖሮ ከሚገባው ብርሃን ግማሽ ያህሉ መንገድ ላይ በቀረ ነበር። የዘመኑ ልባስ ግን በአንድ ገጽ የሚንጸባረቀውን ከግማሽ በመቶ በታች ስላወረደው ከዘጠኝ አሥረኛ በላይ የሚሆነው ይደርሳል። የድሮ ነዳፊ መስታወት ቆጣቢ የነበረው ለዚህ ነው፤ እያንዳንዷን መስታወት የሚከፍልባት በጭጋግ ነበር። የአሁኑ ነዳፊ በኮምፒዩተር እያሰላ አሥራ ሁለትም አሥራ ሦስትም መደርደር ይችላል።

ሁለቱ ሌንሶቼ

ንጽጽሩን በአየር ላይ ከማንሳፈፍ በእጄ ባሉት በሁለት ሌንሶች ላድርገው። አንደኛው ከላይ የጠቀስኩት ኒኮን ነው። ሁለተኛው ‹ሄሊዮስ 44-2› የተባለው የሶቪየት ሌንስ ነው፤ 58 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2። ሄሊዮስ በዘሩ ጀርመናዊ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሶቪየቶች የዛይስን ‹ቢዮታር› ሌንስ መሠረት አድርገው የሠሩት ሲሆን፣ ዚኒት ከተባለው ካሜራ ጋር አብሮ እየተሸጠ ዓለምን ያዳረሰ ነው። በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ከሄዱት ኢትዮጵያውያን መካከል ዚኒት አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የተመለሱ ነበሩ፤ የእኔም ሄሊዮስ ከአጎቴ እጅ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። በውስጡ ያሉት መስታወቶች ስድስት ናቸው፤ ክብደቱ 230 ግራም ገደማ ነው። ኒኮኑ 415 ግራም ይመዝናል።

ሁለቱንም በአንድ ካሜራ ላይ እገጥማቸዋለሁ። ይህ የሚቻለው የዛሬዎቹ መስታወት አልባ ካሜራዎች፣ ማለትም ‹ሚረርለስ› የሚባሉት፣ ቀጫጭን ስለሆኑ ነው። የዚኒት ሌንስ ከፊልሙ 45.46 ሚሊ ሜትር ርቆ እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ ነው። የኒኮን ዜድ ካሜራ ደግሞ ከዚህ ውስጥ 16 ሚሊ ሜትሩን ብቻ ይወስዳል። የቀረውን ክፍተት ባዶ የብረት ቀለበት ይሞላዋል። ቀለበቱ ውስጥ ምንም መስታወት ስለሌለ የሌንሱን ጠባይ አይነካም። የድሮዎቹ ባለመስታወት የኒኮን ካሜራዎች ግን 46.5 ሚሊ ሜትር ስለሚወስዱ የዚኒት ሌንስ እነሱ ላይ ሲገጠም ሩቅ ያለውን ነገር አጥርቶ ማሳየት አይችልም። ለዚያ ተብሎ መስታወት የተጨመረበት ቀለበት ይሸጣል፤ እኔ አልመክርም፤ ሌንሱን በርካሽ መስታወት አንቆ መግደል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ፎቶ አንሺ ‹ኤፍ 2› ሲል የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ በሰፊው ተከፍቷል ማለቱ ነው፤ ‹ኤፍ 8› ሲል ጠቧል ማለቱ ነው። የድሮ ሌንስ መስታወቶች ፊታቸው ከኳስ ላይ እንደተቆረጠ ቁራጭ ነው፤ በቀላሉ ተሞርዶ የሚወጣው ቅርጽ እሱ ነውና። የኳስ ቅርጽ ግን አንድ ችግር አለው። በመስታወቱ ዳር የሚያልፈው ብርሃን በመሐል ከሚያልፈው ይበልጥ ይታጠፍና ቀደም ብሎ ይገናኛል። ስለዚህ ቀዳዳው ሲከፈት ሁለት ምስል የተደራረበ ይመስላል፤ ከመሐል የመጣው ጥርት ያለ ምስል፣ በላዩ ላይ ደግሞ ከዳር የመጣ ስስ የብርሃን መጋረጃ። የሄሊዮስ ፎቶ በኤፍ 2 ሲታይ የዓይን ሽፋሽፍት ይቆጠራል፤ ነገር ግን ሁሉም ነገር በስሱ ሻሽ ውስጥ የታየ ይመስላል። የቆዳ ቀዳዳና ሽብሽባት አሉ፤ ግን አይጮኹም።

ኒኮኑ ይህንን የሚያቃናው ከመስታወቶቹ ጥቂቶቹን ከኳስ ቅርጽ በማውጣት ነው። ዳራቸው ቀስ እያለ ጠፍጠፍ እንዲል ይደረጋል፤ በዚህም ከዳር የሚመጣው ብርሃን ከመሐሉ ጋር በአንድ ቦታ ይገናኛል። እንዲህ ያለ መስታወት ድሮም አልጠፋም፤ ላይካ በ1966 ባወጣው ‹ኖክቲሉክስ› ውስጥ ነበር፤ ነገር ግን በእጅ እየተሞረደ ስለሚሠራ ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። ዛሬ በቅርጽ እየተጨመቀ በብዛት ይመረታል። ውጤቱ በኤፍ 1.8 እንኳ ከመሐል እስከ ጥግ ጥርት ያለ፣ ጥቁሩ ጥቁር፣ ነጩ ነጭ የሆነ ፎቶ ነው። መጋረጃው ተነስቷል።

እዚህ ላይ ብዙ ተከራካሪ የሚዘነጋው ነገር አለ። ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 8 ስናጠብ በዳር የሚያልፈው ብርሃን ይታገዳል፤ መጋረጃውም አብሮ ይጠፋል። በኤፍ 8 በሁለቱ ሌንሶች ያነሳኋቸውን ፎቶዎች አደባልቄ ለሁለት ባለሙያዎች ባሳይ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ተስኗቸዋል፤ ያውም አንዱ ለሄሊዮስ ጥብቅና የሚቆም ነበር።

ባለፈው ዓመት ሰባ ስምንት ዓመት የሞላቸውን አክስቴን በሁለቱም ሌንሶች አነሳኋቸው። የቤታቸው በር ላይ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በከሰዓት ጥላ። በእኛ አገር የእንዲህ ያለ ፎቶ ነገር ቀላል አይደለም። ትልቅ ሰው በወጉ የተነሳው የመጨረሻ ፎቶ በክፈፍ ሆኖ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ቀኑ ሲደርስ ደግሞ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ የሚቀመጠው እሱ ነው። ፎቶ አንሺው ይህንን እያወቀ ነው ጣቱን የሚያሳርፈው። ሁለቱንም አሳትሜ ይዤላቸው ስሄድ ልጃቸው የሄሊዮሱን አንስታ ‹‹እማዬ ይቺ ናት፤ ፊቷ እንዴት እንደለሰለሰ እዩት›› አለች። አክስቴ መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱንም አገላበጡና የኒኮኑን መረጡ። ‹‹በዚያኛው ንቅሳቴ የት ሄደ?›› አሉኝ አንገታቸውን እየነኩ። ‹‹ፊቴ የተሸበሸበው ስላረጀሁ ነው፤ ምን ያፍረኛል? ጥለቱም በዚህኛው ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ በእጄ የፈተልኩት ነው። ለለቅሶዬ ይሄ ይሁን።›› ልጃቸው ግን የሄሊዮሱን ይዛ ሄዳ ሳሎኗ ውስጥ ሰቅላዋለች።

የአንገት ንቅሳት በጠይም ቆዳ ላይ ፈዘዝ ያለ ምልክት ነው፤ ከዙሪያው ጋር ያለው የብርሃን ልዩነት ትንሽ ነው። የሄሊዮስ መጋረጃ ቀድሞ የሚውጠው እንዲህ ያለውን ትንሽ ልዩነት ነው። ሽብሽባቱን ያለሰለሰውና ንቅሳቱን የደበቀው ያው አንድ እንከን ነው፤ አንዱን መርጦ ሌላውን መተው አይቻልም።

ከጀርባ ያለው ብዥታ

ከሰውየው ጀርባ ያለው ነገር ሲደበዝዝ የሚይዘው መልክ በዓለም ዙሪያ ‹ቦኬ› ይባላል። ቃሉ የጃፓን ነው። ወደ ሌላው ዓለም የተስፋፋው ‹ፎቶ ቴክኒክስ› የተባለ የአሜሪካ መጽሔት በ1997 ስለ ጉዳዩ ጽሑፎችን ካወጣ በኋላ ነው። ከዚያ በፊትም ፎቶ አንሺዎች ያዩት ነበር፤ ስም ግን አልነበረውም።

‹‹የድሮ ሌንስ ቦኬው ለስላሳ ነው›› የሚለውን አባባል እንዳለ አልቀበለውም። ከላይ ያልኩት የኳስ ቅርጽ እንከን ጥቂት ብቻ ሲቃና፣ ከጀርባ ያለች የብርሃን ነጥብ መሐሏ ደመቅ ብሎ ዳሯ እየሟሟ ትወጣለች፤ ይህ ለስላሳ ነው። ነዳፊው ከልክ በላይ ሲያቃናው ግን ነጥቧ ተገልብጣ ዳሯ እንደ ቀለበት ይደምቃል። ሜየር የተባለው ድርጅት ‹ትሪዮፕላን› 100 ሚሊ ሜትር ዛሬ የሚወደደው በዚህ የሳሙና አረፋ በሚመስል ቀለበት ነው። ብዙዎቹ የድሮ ፈጣን ሌንሶችም ወደዚህ ያዘነብላሉ። ሣር ወይም ጭራሮ ከጀርባ ካለ እያንዳንዱ ቀንበጥ ሁለት መስመር ሆኖ ይወጣና ዓይን ያደክማል። በተለይ ባሕር ዛፍ! ቀጫጭን ቅጠል፣ በመሐሉ የሚያበራ ሰማይ። ለእንዲህ ያለ ሌንስ ከዚህ የከፋ ጀርባ የለም፤ አዲስ አበባ ዙሪያ ደግሞ ሌላ ጀርባ ማግኘት ያስቸግራል።

ሄሊዮስ ዝነኛ የሆነበት ሽክርክሪት የተለየ ምክንያት አለው። ወደ ፎቶው ዳር የሚሄደው ብርሃን ሌንሱን በግድም ስለሚያቋርጥ የቱቦው የፊትና የኋላ ጠርዞች ከፊሉን ይቆርጡታል። መሐል ላይ ክብ የነበረችው የብርሃን ነጥብ ዳር ላይ እንደ ሎሚ ሞላላ ትሆናለች፤ ሞላላዎቹም በሙሉ መሐሉን ከብበው ይሰለፋሉ። ዓይናችን ይህንን መሽከርከር አድርጎ ያነበዋል። እንዲወጣ ከተፈለገ ቀዳዳው በሰፊው መከፈት፣ ሰውየው አንድ ሁለት ሜትር ያህል መቅረብ፣ ከኋላው ደግሞ ብርሃን የሚያሳልፍ ቅጠል መኖር አለበት። ባዶ ግድግዳ ፊት ሄሊዮስ አይሽከረከርም። ይህንን ሳያውቁ ገዝተው ‹‹የተታለልኩ ይመስለኛል›› ያሉኝ ሰዎች አሉ።

ኒኮኑስ? ብዥታው ንጹህና ረጋ ያለ ነው፤ ምንም የሚያስወቅስ አላገኘሁበትም። በአጠቃላይ ግን ከኳስ ቅርጽ የወጡት መስታወቶች የሚጨመቁበት ቅርጽ ፍጹም ልሙጥ ካልሆነ፣ የሌሊት መብራት ሲደበዝዝ ውስጡ እንደ ተቆረጠ ሽንኩርት ቀለበት በቀለበት ሆኖ ይታያል። ይህ የድሮ ሌንስ የማያውቀው የዘመኑ እንከን ነው። የስልክ ካሜራ ብዥታ ግን ከሁለቱም ወገን አይደለም፤ በአብዛኛው በስሌት የሚጨመር ነው፤ ፀጉርና ጉትቻ አካባቢ በመቀስ የተቆረጠ የሚመስለውም ለዚህ ነው።

ነጠላና ፀሐይ

የእኛ አገር ብርሃን ለሌንስ ፈተና ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ የቀትር ፀሐይዋ ጠንካራ፣ ጥላዋም ጥቁር ነው። በዚያ ላይ ጠይም ፊትና ነጭ ነጠላ አንድ ፎቶ ውስጥ ጎን ለጎን ይገባሉ። ነጠላው ከፊቱ በብዙ እጥፍ ብርሃን ይመልሳል። ለፊቱ ሲባል ብርሃን ቢጨመር ጥለቱ ይነጣል፤ ለነጠላው ቢቀነስ ፊቱ ይጠቁራል።

የድሮ ሌንስ እዚህ ላይ የሚያደርገው ነገር አንዳንዴ በረከት ነው። ልባሱ ደካማ ስለሆነ ከነጠላው የመጣው ብርሃን ቱቦው ውስጥ ይበተንና ጥላው ላይ በስሱ ያርፋል። ጥቁሩ ወደ ግራጫ ይቀርባል፣ ፎቶው ይለዝባል። ሰዎች ‹የድሮ ፎቶ ስሜት› የሚሉት አብዛኛው ነገር ይኸው ነው። ነገር ግን ጥላው ውስጥ የገባው ብርሃን ከፊቱ የመጣ አይደለም፤ ከነጠላው የተሰረቀ ጭጋግ ነው፤ ጥላውን ያቀላዋል እንጂ አዲስ ዝርዝር አያመጣም። ሰውየው ከበስተጀርባው ፀሐይ ካለ ደግሞ ፎቶው በሙሉ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። የሠርግ ሥራ ላይ፣ ሙሽሮች ከመስኮት ፊት ቆመው ባለ አንድ ልባስ ሌንስ ይዞ መገኘትን ለማንም አልመኝም።

የዘመኑ ሌንስ ጥላውን ጥቁር ቢያደርገውም ውስጡ ያለውን ዝርዝር ይጠብቃል፤ በኋላ በኮምፒዩተር ጥላውን ማንሳት፣ ንጽጽሩን ማለዘብ፣ ቀለሙን ማሞቅ ይቻላል። ስለዚህ ከአሮጌ ሌንስ የምትፈልጉት የለዘበ ብርሃንና የሞቀ ቀለም ብቻ ከሆነ መግዛት አያስፈልጋችሁም፤ በእጃችሁ ባለው ፎቶ ላይ በደቂቃ ይሠራል። በቀላሉ የማይሠራው የብዥታው ቅርጽና ጥርት ካለው ወደ ደበዘዘው የሚደረገው ሽግግር ነው፤ እነዚህ እያንዳንዱ ነገር ከሌንሱ ባለው ርቀት ይወሰናሉ፤ ፎቶው ከተነሳ በኋላ ያንን ርቀት ሌንሱ እንዳየው መልሶ ማወቅ ከባድ ነው።

‹‹የድሮ ሌንስ ፊትን ከጀርባው ነጥሎ ያወጣዋል›› የሚለውንም ሰምቻለሁ። እኔ እንዳየሁት ፊትን ነጥሎ የሚያወጣው ከጎን የሚመጣ ብርሃንና ፎቶ አንሺው የቆመበት ርቀት ነው፤ በሁለቱም ሌንሶች ይገኛል። በዚህ ላይ የሚከራከረኝ ካለ አንድ ዓይነት ወንበር፣ አንድ ዓይነት መስኮት ይዞ ይምጣ።

አዲስ ነገር ሁሉ ንጹህ፣ ድሮ የነበረ ሁሉ ለስላሳ ነው ብሎ ማሰብም ያሳስታል። ዳይሬክተር ስታንሊ ኩብሪክ በ1975 በወጣው ‹ባሪ ሊንደን› ፊልም በሻማ ብርሃን ብቻ የተቀረጹትን ትዕይንቶች ያነሳው ዛይስ ለናሳ በሠራው 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 0.7 ሌንስ ነው። በጊዜው ከዚያ የረቀቀ ሌንስ አልነበረም፤ ምስሉ ግን እንደ ቀለም ቅብ የለሰለሰ ነው። በተቃራኒው እንከንን አውቀው የሚተዉ ነዳፊዎች ድሮም ዛሬም አሉ። የላይካ ሌንሶች ሠሪ ላይትስ በ1935 ‹ታምባር› የተባለውን የፊት ሌንስ ሆን ብሎ ለስላሳ አድርጎ አወጣው፤ በ2017 ላይካ እንደገና አመረተው። ካኖን ደግሞ በ2021 ባወጣው የአርኤፍ 100 ሚሊ ሜትር ማክሮ ሌንስ ላይ ያንኑ የኳስ ቅርጽ እንከን በእጅ እያዞሩ የሚጨምሩበትና የሚቀንሱበት ቀለበት ገጥሞለታል። አክስቴንና ልጃቸውን በአንድ ሌንስ ማስማማት ይቻል ነበር ማለት ነው፤ ዋጋው ባይከብድ።

ለመግዛት ለምታስቡ ጥቂት ነገር ልበል። የሶቪየት ሌንስ አንዱ ካንዱ ይለያያል፤ ስሙን ሳይሆን በእጃችሁ የያዛችሁትን ሌንስ ፈትሹ። ቀዳዳውን በሰፊው ክፈቱና ከኋላ በባትሪ እያበራችሁ ከፊት ተመልከቱ። እንደ ሸረሪት ድር የሚታይ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ ካሜራ በቆዳ ቦርሳ ተሸፍኖ ክረምትን ሲያሳልፍ ይመጣል። በእኩልነት የተዘረጋ ጉም ካለ ደግሞ ከውስጥ ቅባት ተንኖ መስታወቱ ላይ የተቀመጠ ነው። ሻጮች ይህንን ‹‹ለስላሳ ያወጣል›› ብለው ሲያሞግሱት ሰምቻለሁ። ቆሻሻ ነው፤ ባለሙያ ሊያጸዳው ይችላል፤ ዋጋው ግን በዚያው ልክ መውረድ አለበት። አንዳንድ የድሮ ሌንሶች፣ ለምሳሌ የ‹ሱፐር ታኩማር› 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4 የኋለኛው ዓይነት፣ ቶሪየም የተቀላቀለበት መስታወት አላቸው፤ በዘመን ብዛት ሻይ መስሎ ይቢጫል። ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ለሳምንታት ሲቀመጥ ቢጫው አብዛኛው ይለቅቃል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሌንሱን ለአንድ ቀን ተዋሱት። አንድ ሰው መስኮት ዳር አስቀምጡና አሁን ባላችሁት ሌንስና በተዋሳችሁት፣ መጀመሪያ ቀዳዳውን በሰፊው ከፍታችሁ፣ ቀጥሎ በኤፍ 8 አንሱ። ፎቶውን በስልክ ሳይሆን አሳትማችሁ እዩ። ሥራችሁ በአብዛኛው በኤፍ 8 የሚነሳ የቡድን ፎቶ ከሆነና በኤፍ 8 ልዩነቱን መለየት ካቃታችሁ፣ ለሌንሱ ያዘጋጃችሁትን ብር ለመብራት ብታውሉት ይሻላል።